ከመቀመጫው ስር

መጋቢት 3

በርሜሉ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጅህ ይድረስ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስምንት ቀኑ ነው። ሳልመልስ የቆየሁት ሱቁ ውስጥ የጄኔሬተር ጭነት ስናራግፍ ሰንብተን እንጂ ረስቼህ አይደለም፤ አትቀየመኝ። ደውዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን ያ ሥራህ በአሥራ አንድ ዓመት ጆሮህን በልቶታል። ባለፈው በስልክ ስለ ሞተሩ ስጠይቅህ ልጅህ ደህና መሆኗን ነገርከኝ። ወረቀት ይሻለናል።

ተቀምጠህ የምትነዳው የሣር ማጨጃ እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል ብለሃል። ማሽኑን ለውኃ ማጣሪያ ጣቢያው የሸጥኩት እኔ ስለሆንኩ በተኮሰ ቁጥር የሚመታው የእኔ ስም ነው። ሥራ አስኪያጁ ከክሎሪን መጋዘን አጠገብ የሚፈነዳ ነገር አልፈልግም፣ ካልተስተካከለ ሣሩን ለኮንትራክተር እሰጣለሁ ማለቱን ጽፈሃል። ሣሩ ከሄደ አንተም ትሄዳለህ፤ አንተ ከሄድክ በወሩ የግቢውን ቤት ትለቃላችሁ። ልጅህ የመጨረሻ ፈተናዋን የምትፈተነው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ገብቶኛል። ሁለተኛ መጻፍ የለብህም።

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንሂድ። ከታንከሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን በሙሉ አውጣና ጣለው፤ የቆየ ቤንዚን ግማሹ ውኃ ነው። የቤንዚን ማጣሪያ ፊልትሮውን ቀይር። እሳት ለኳሿን ካንዴላ አዲስ ልኬልሃለሁ፤ አሮጌውን ስታወጣ ጫፉ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አይተህ ጻፍልኝ። ማሽኑን ስታጠፋ ደግሞ በሙሉ ኃይል እየሮጠ ቁልፉን አትዝጋበት፤ መጀመሪያ ዝቅ አድርገህ ትንሽ ይተንፍስ። የምትመልስልኝ መቼ እንደሚተኩስ ነው፤ ስታጠፋው ነው፣ ስታስነሳው ነው ወይስ መሐል ላይ?

ጤናህንስ? ስለ እሱ አንድ መስመር እንኳን አልጻፍክም።

ወንድምህ

ከማስታወሻ ደብተሩ፦ የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ እዚህ እገለብጣለሁ። ሠላሳ ዓመት አሮጌ ሞተር ስነግድ የለመድኩት ነው። ምን እንዳልኩ ራሴ ካልያዝኩ ሌላ ሰው ምን እንዳልኩ ይነግረኛል። ካንዴላውንና ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሰጠሁት። መንገዱ ሁለት ቀን ነው።


መጋቢት 19

በርሜል፣

ፈጥነህ በመመለስህ አመሰግናለሁ። ሁለት ገጽ ስለ ማሽኑ ጽፈህ ስለ ጤናህ "ደህና ነኝ" ብቻ ማለትህን ግን አይቻለሁ። ሻጭ ስለ ዕቃው አጭር መልስ ሲሰጠኝ ዕቃውን አገላብጬ ነው የማየው። ምንም ከሌለ ምንም የለም በለኝ።

የካንዴላው ጫፍ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በደንብ እየበላ ነው፤ ነዳጅ አልቀጠነበትም፣ አልወፈረበትምም። ይህ ነው ያስቸገረኝ። ሁለት ቀን ዝም ብሎ በሦስተኛው ተኮሰ ያልከውም አልገባኝም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት እንደ ዘመድ እንግዳ ነው፤ መቼ እንደሚሄድ አታውቅም።

ካርቡሬተሩን ፍታና በቀጭን ሽቦ ሳይሆን በአየር አጽዳው፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከካርቡሬተሩ ኋላ ያለችውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን እያት። ተሰንጥቃ ከሆነ አየር እየሳበች ነው። አዲሷን ከዚህ ጋር ታገኛታለህ።

የቆዳ መብሻ የጠየቅኸኝን ልኬልሃለሁ። ጫማ ሰፊ ሆንክ እንዴ? የመቀመጫውን ሽፋን ልትሰፋ ከሆነ ተወው፤ አንተ የምትቀመጥበት ወንበር ተሰፍቶ አይከርምም። እናታችን አንድ ጊዜ ሁለት ወንበር ገጥማ እንዳስቀመጠችህ ትዝ ይለኛል።

ለባለቤትህ ሰላምታ። ቤቱን ስለመልቀቅ ጭራሽ እንዳታነሳባት።

ወንድምህ


ሚያዝያ 4

በርሜል ሆይ፣

ቫልቮቹን በመለኪያ ለክተህ ልክ ናቸው ማለትህን አምኛለሁ፤ እጅህን አውቀዋለሁ። የሚሽከረከረው ቮላኖ ላይ ያለችው ትንሿ ብረትም ካልተቆረጠች ሞተሩ ንጹሕ ነው። ከእንግዲህ ሞተሩን አትንካው። የተፈታ ሁሉ ሲገጠም አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ከደብዳቤህ ዋናውን ነገር የጻፍከው እንደ ቀልድ፣ ከፊርማህ በታች ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ማሽኑን አንድ ሙሉ ጠዋት ሲነዳው አንዴም አልተኮሰም፤ ወርዶም "ማሽኑ እኔን ያከብራል" አለህ። ቀልዱን ተወውና ነገሩን ተመልከተው። ሞተሩ ያው ነው፣ ቤንዚኑ ያው፣ ሣሩም ያው። ስለዚህ ብልሽቱ ያለው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ላስረዳህ። እሳቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ያልተቃጠለ ቤንዚን የጭስ መውጫው ማርሚታ ውስጥ ይገባል። እሳቱ ሲመለስ እዚያ ያገኘውን ያፈነዳዋል። የምትሰሙት ተኩስ ይህ ነው።

እሳቱን የሚያቋርጡ ሦስት ስዊቾች አሉ፤ የፍሬኑ፣ የምላጩና የመቀመጫው። የመቀመጫው ሰው ሲወርድ ወይም ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ነው። እሱን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፤ አንተ ተቀምጠህበት የማይጫን ሞላ እስካሁን አልተሠራም። ሁለቱን ፈትሽ፤ ሽቦዎቻቸው የት እንደተላጡ በጣትህ እየዳሰስክ እይ።

ከሁለቱ ምንም ካላገኘህ ብቻ፣ ለሙከራ ያህል፣ ወፍራም ወረቀት አጥፈህ ከመቀመጫው ስር ስዊቹ ላይ አስገባና ንዳው። ተኩሱ ከቆመ ስዊቹ አርጅቷል ማለት ነው፤ አዲስ እልክልሃለሁ። ለሙከራ ነው ያልኩህ። ወረቀቱ ባለበት ብትወድቅ ማሽኑ አይጠፋም፤ ያለ አንተ ይሄዳል።

ወንድምህ


ሚያዝያ 18

ወንድሜ፣

ተኩሱ መቆሙን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሥራ አስኪያጁ አልፎ ሲሄድ እጁን ካነሳልህ ጉዳዩ ሞቷል። ነገር ግን "ቆሟል፣ ሌላ አያስፈልግም" ያልከው አይዋጥልኝም። አዲሱ ስዊች ይኸው። ግጠመው፣ ወረቀቱን አውጣ፣ አንድ ሳምንት ንዳውና ጻፍልኝ።

ምን ወረቀት እንደተጠቀምክ አልነገርከኝም። ካርቶን ከሆነ እርጥበት ያሳብጠዋል።

ወንድምህ

ከማስታወሻ ደብተሩ፣ ሚያዝያ 23፦ ሾፌሩ ጠዋት ሱቅ ገባ። ዕቃውን ማድረሱን ጠየቅሁት።

"አድርሻለሁ። ግን እናንተ ቤት ሰው ላይ ስም ስታወጡ አታፍሩም?" አለኝ።

"ምን ሆንክ?"

"በርሜል ለሚባለው ስጥልኝ አልከኝ። የማጣሪያው በር ላይ ቆሜ በርሜል ስጠብቅ አንድ ክስት ያለ ሰውዬ መጥቶ እጁን ዘረጋ። የበርሜል ነው ስለው እኔ ነኝ አለ። ያላገጠ መስሎኝ መታወቂያ ጠየቅኩት።"

"አሳየህ?"

"አሳየኝ። በርሜሉ ያለው ፎቶው ላይ ነው። ሱሪውን በቀበቶ ጠፍሮ ይዞታል፤ የቀበቶው ጫፍ ዞሮ ጀርባው ላይ ደርሷል።"

ሻይ አዘዝኩለት። እኔ አልጠጣሁም። እሱ ከሄደ በኋላ አራቱን ደብዳቤዎቹን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ንብረት ክፍሉ መቶ ኪሎ ነው፤ ሲነዳው አይተኩስም። ወረቀት ሲገባ አይተኩስም። ቆዳ መብሻው ለሱሪ ቀበቶ ነበር። ካየሁት አራት ዓመቴ ነው። ከዝርዝሩ ያወጣሁት አንድ ስዊች ነበር፤ ያወጣሁትም የዛሬ አራት ዓመት የነበረውን ክብደት ይዤ ነው።


ሚያዝያ 24

ወንድሜ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። የማጣሪያ ዱቄት ጆንያ የምትመዝኑበት ሚዛን መጋዘን ውስጥ አለ። ውጣበትና ቁጥሩን ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አትጻፍ።

መሬቱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ከመቀመጫው ትነሳለህ፤ ሞላው ይገፋሃል፣ እሳቱ ይቋረጣል፣ ማሽኑ ይተኩሳል። ሁለት ወር ሙሉ ካንዴላና ጓርኒሲዮን ስልክልህ የታመመው ማሽኑ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ማሽኑ የተናገረውን አንተ ደበቅኸኝ። ይህን በቁጣ ነው የጻፍኩት፤ ደግሜ አንብቤው ግን የሚሰረዝ አላገኘሁበትም።

ባለቤትህ ታውቃለች?

ወንድምህ

ከማስታወሻ ደብተሩ፣ ግንቦት 8፦ መልሱ ዛሬ ደረሰ። እንዳለ እዚህ ለጥፌዋለሁ።

"ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ሲቆጡ ጽሕፈትዎ ይተልቃል። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሃምሳ አንድ። ንብረት ክፍሉ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ የሃምሳ ኪሎ ጆንያ ጫነበት። ሚዛኑ ደህና ነው።

ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። ሆዴ ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍልዎትም፤ ወረቀት ቤት ውስጥ ሰው እጅ ይገባል። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል አለኝ። ከዚያ በኋላስ ብዬ ስጠይቀው የያዘውን ወረቀት አገላበጠ፤ እርስዎ ስላረጀ ሞተር ገዢ ሲጠይቅዎ የሚያደርጉትን ነው ያደረገው። አልጋ ከያዝኩ ሥራ አቆምኩ ማለት ነው፤ ሥራ ካቆምኩ ቤቱ በወሩ ይለቀቃል። ልጅቷ ፈተናዋ ሰኔ አሥራ አራት ነው። ከዚያ በኋላ ወደፈለጉበት ይውሰዱኝ፤ እሺ ብዬ እተኛለሁ። ባለቤቴ ጥርሴ ይመስላታል። ገንፎ እንድታበስልልኝ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

አዲሱን ስዊች ገጠምኩት። በሁለተኛው ቀን ተኮሰ። ስዊቹ ምንም አልሆነም፤ የቀለልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን መለስኩት። ቁልቁለቱን አልነካም፣ ሜዳውን ብቻ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። የመቀመጫው ሞላ ስምንት ሚሊሜትር ቢያጥር በዚህ ክብደቴም ስዊቹን እጫነዋለሁ። በደንብ ለክቼዋለሁ። እንደ ወረቀቱ አይደለም፤ ብወድቅ ማሽኑ ይጠፋል። እዚህ እንዳልቆርጠው ንብረት ክፍሉ ያየኛል፣ ትርፍ ሞላም የለን። እርስዎ ቆርጠው ይላኩልኝ። ለአምስት ሳምንት ብቻ ነው።

ትንሽ ወንድምዎ

የቀድሞው በርሜል"


ግንቦት 10

ወንድሜ፣

ሞላውን አልልክም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ቆርጬ ለመላክ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ግን ብልክልህ እዚያ ወንበር ላይ በእጄ እንዳስቀመጥኩህ ነው። የምትለምነኝ ሥራ እንዳይቀርብህ ሳይሆን ሐኪም ቤት እንዳትሄድ እንድረዳህ ነው።

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ከማሽኑ ውረድ። ለሥራ አስኪያጁ ወገቤን ነው በለው፤ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ይሰጥሃል። ስለ ቤቱ እኔ መጥቼ አነጋግረዋለሁ። ከእኔ ሌላ መለዋወጫ የሚያገኝበት ስለሌለ ያዳምጠኛል። የሱቁን ኋላ ክፍል አስጠርጌ አልጋ አስገብቼበታለሁ፤ ከሐኪም ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

አሁኑኑ ተነስቼ ብመጣ ደስ ባለኝ። ማክሰኞ፣ ግንቦት 16፣ የሞተር ጭነት ይገባልኛል፤ ያለ እኔ የሚረከበው የለም። ረቡዕ አራግፌ ሐሙስ እነሳለሁ። ቅዳሜ ደጅህ ነኝ። እስከዚያ ለባለቤትህ ራስህ ንገራት። እኔ መጥቼ ከምነግራት አንተ ብትነግራት ይሻላታል።

ወንድምህ

ከማስታወሻ ደብተሩ፦ ደብዳቤውን ሾፌሩ በእጁ እንዲሰጠው አስጠነቀቅኩት። ለጭነቱ ብዬ መቆየቴ ልክ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በአሥር ቀን የሚለወጥ ነገር የለም አልኩ።

ግንቦት 17፦ ጭነቱ ሳይጎድል ገባ። ከቀትር በኋላ ከማጣሪያው ተደወለ። የደወለው ንብረት ክፍሉ ነው።


ግንቦት 30

እህቴ ሆይ፣

መጽናናቱን ይስጥሽ። በቀብሩ ዕለት ብዙ ሳናወራ ተለያየን፤ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። የጠየቅሽኝን ሁሉ በጽሑፍ እመልሳለሁ ብዬሽ ነበርና ይኸው።

መታመሙን አውቅ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ አዎ። ከግንቦት 8 ጀምሮ። እንዲነግርሽ ጽፌለት ነበር። አለመንገሩን ያወቅሁት አንቺ ስለ ጥርሱ ስታነሺብኝ ነው። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ለምን ቁልቁለቱ ላይ ወጣ ላልሽኝ፣ አንቺም እንደሰማሽው ነው። እንግዶች ሊመጡ ነውና የግድቡ ዳገት ይታጨድ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ያዘዘው ረቡዕ ጠዋት ነው። እምቢ ቢል ምክንያቱን መናገር ነበረበት። ንብረት ክፍሉ መጀመሪያ ያየው ማሽኑን ነው፤ ሰው ሳይኖርበት ወደ ታች ሲሄድ። ከዚያ ያለፈውን አልጠየቅኩትም። አንቺም አትጠይቂው።

ማሽኑ ወይስ እሱ ላልሽኝ፣ ማጣሪያው ማሽኑን ለምርመራ የላከው ወደ ሻጩ፣ ወደ እኔ ነው። በግቢው ደንብ ሠራተኛው የደኅንነት ስዊች ነክቶ ከተገኘ ቤተሰቡ ወዲያው ይለቃል። ጉድለቱ የዕቃው ከሆነ ግን ቤቱ ስድስት ወር ይቆይላችኋል። እኔ የጻፍኩት፣ የፈረምኩትም የሚከተለውን ነው፦ "የመቀመጫው ስዊች ጉድለት ነበረበት። ስዊቹን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።" ከእንግዲህ ከእኔ ምንም አይገዙም፤ ሌሎችም ሰምተዋል። ይህ ለአንቺ ጭንቀት አይሁን። የሚጠይቅሽ ካለ ስለ ማሽን አላውቅም በዪ።

ለአንቺ ግን አልዋሽም። ስዊቹ ደህና ነበር። ከመቀመጫው ስር ወረቀት አግኝቻለሁ። ያ ወረቀት ባይኖር ማሽኑ ይቆም ነበር። ወረቀት አስገባ ብዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

ልጅቷ ትፈተን። ከፈተናው በኋላ ሁለታችሁም ኑ። ኋላ ያለው ክፍል አልጋ አለው።

የባልሽ ወንድም

ከማስታወሻ ደብተሩ፣ በዚያው ቀን፦ ለእሷ ያልጻፍኩትን እዚህ እጽፋለሁ።

መቀመጫውን የፈታሁት ብቻዬን ነው። ካርቶን አልነበረም። የእኔ ደብዳቤዎች ናቸው፣ ስድስቱም። እያንዳንዱ በአራት ታጥፎ፣ እንደገና በሁለት ታጥፎ፣ ዳር ዳሩ በክር ተሰፍቷል። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ የተበሳው በላክሁለት መብሻ ነው። የመጨረሻው፣ ከማሽኑ ውረድ ያልኩበት፣ ከላይ ነበር። ተከፍቶ ተነቧል። ሞላውን አልልክም ያልኩበት ቦታ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ ሌላ ቦታ ምንም ምልክት የለም።

መለኪያውን አውጥቼ ስድስቱን እንደታጠፉ ለካሁ።

ስምንት ሚሊሜትር።